ሁለት ሳል

የእድራችንን ጥሩምባ ነፊ ማረፍ የሰማሁት እዚህ ድሬዳዋ፣ ኪዳን አድርሼ ስመለስ ነው። ታናሽ እህቴ ከእንጅባራ ደውላ አረዳችኝ። ነፍስ ይማር ማለት ሲገባኝ «ሲያስላቸው ነበር?» አልኳት። ነጠላዬን እንኳ አላወለቅሁም።

«አንቺ ሴት፣ ሰው ሞተ ነው የምልሽ!»

«ሰማሁ። ምን አሟቸው?»

«ብርድ።»

ብርድ! እንጅባራ ሳለሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበርኩ። የቀበሌውን ሞት ከነምክንያቱ እመዘግባለሁ፤ የገደለው ተላላፊ ከሆነ ቤተሰቡን ቶሎ ለማስመርመር ነው። መዝገቤን ላየ ግን በአገሩ ከብርድ ሌላ ገዳይ የለም። ወባ የጣለውም ብርድ መታው፣ ቲቢ የጨረሰውም ብርድ መታው። ምስኪን ብርድ! ቲቢ ቤታቸው ገባ ከተባለ ልጃቸውን የሚያገባ የሚጠፋ እየመሰላቸው ሁሉም በእሱ ያላክካሉ።

ቤተሰቡ አልናገር ሲለኝ እድሩንና ደብሩን መዞር ጀመርኩ። ጥንቁቅ ነኝ ብዬ እመካ ነበር፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። አንዲት ባልቴት ሲያርፉ ከእድሩ በዓለም ስማቸው፣ ከደብሩ በክርስትና ስማቸው ጻፍኳቸውና በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ገደልኳቸው። «የኚህኛዋ ጥሩምባ እንዴት አመለጠኝ?» ብዬ ጥሩምባ ነፊውን ስጠይቃቸው በሳቅ ሊሞቱ ደረሱ።

«አንቺ ልጅ፣ እግዜር አንዴ ወስዷቸዋል። ሁለተኛውን ማን አዘዘሽ? እኔ እንደሆነ ለአንድ ሰው ሁለቴ አልነፋም!»

ከዚያ ወዲያ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ምልክት ሰጡኝ። ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛው እየሰማ «ብርድ ነው ልጄ፣ ብርድ» ይሉና፣ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሁለት ጊዜ ይስላሉ። ሁለት ሳል ማለት ቲቢ ነው። በዚያ ሳል ብዙ ቤት ገብቼ አክታ አስመርምሬያለሁ፤ የተገኘበትም መድኃኒቱን ጨርሶ ድኗል። ውሸት ይሆን ብዬ ለንስሐ አባቴ ብናገር «የሳልሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ። «አይደለሁም አባቴ።» «ታዲያ ምን አስጨነቀሽ?»

አሁን ለጥሩምባ ነፊው ለራሳቸው የሚስል ጠፋ። ባለቤታቸው እስከ መጨረሻዋ ቀን በአንድ ጋቢ አብረዋቸው ተኝተዋል። እህቴ ጤና ጣቢያ ልውሰድዎት ብትላቸው «ባሌን የገደለው ብርድ ነው። ብርድ ደግሞ በአክታ አይታይም!» ብለው አባረዋታል። ሠላሳ ዓመት የጥሩምባ ነፊ ሚስት ሆነው ስለኖሩ፣ ያን የሳል ምልክት ከእኔ አብልጠው ያውቁታል።

ስለዚህ እናንተ የእንጅባራ እድርተኞች፣ ያስታመማችኋቸው፣ ሳላቸውን በጆሯችሁ የሰማችሁ፣ በእመቤቴ እለምናችኋለሁ። ቲቢ የሚለውን ቃል አታንሱ፣ ይሉኝታችሁን አውቀዋለሁ። ለልቅሶ ስትሄዱ ከባለቤታቸው አጠገብ ቁጭ በሉ። ሰው እየሰማ «ብርድ ነው እኮ፣ ብርድ» በሏቸው። እውነቱ እሱ ከሆነ ግን ጋቢያችሁን ወደ አፋችሁ ሳብ አድርጉና ሁለት ጊዜ ሳሉላቸው።