ሹል እግር ያለው ሳጥን

በፈረንጆች 2016 ነበር፤ ሱኮት፣ የአይሁድ የዳስ በዓል፣ አልፎ ሙቀቱ መብረድ የጀመረበት፣ የመጀመሪያው ዝናብ ግን ገና ያልጣለበት ሰሞን። ትልቋ ልጄ የሠራዊት አገልግሎቷን ጨርሳ፣ የኤሌክትሪክ ሥራ ተምራ፣ በካርሜ ጋት ሰፈር አዳዲስ ሕንፃዎች ላይ መስመር ከሚዘረጋ አንድ ተቋራጭ ዘንድ ተቀጥራ ነበር። ፈቃድ ለማግኘት በእጇ የሠራችበት ጊዜ ተቆጥሮ በአለቃዋ መፈረም አለበት። ሽቦ ያልዘረጋችበት ቀን አይቆጠርላትም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ጭንቀታችን ሁሉ ከዚህ ስለመጣ ነው።

ከሥራ ስትመለስ የሱሪዋ ጉልበት ተቀዶ፣ ከሥሩ ቆዳዋ ተልጦ አያለሁ።

«ለምንድን ነው የምትንበረከኪው?» አልኳት።

«ጠረጴዛ የለኝማ፣ እማ። ካርቶን መሬት ላይ አነጥፋለሁ። ብሎኑ ከወደቀ አቧራው ይውጠዋል።»

ወንዶቹ ግን ባለ ጎማ የመሣሪያ ሳጥን ነበራቸው። ከፎቅ ፎቅ ይጎትቱታል፤ ሲደርሱ የፊቱ ሳንቃ ወደ ታች ይዘረጋና ጠረጴዛ ይሆናል፤ ቆመው ይሠራሉ። አንድ ቀን በኢንዱስትሪ ቀጠናው ካለው የመሣሪያ ሱቅ ወስዳ አሳየችኝ። እሷ ስትከፍትና ስትዘጋ እኔ ቁጢጥ ብዬ ሥሩን አየሁት። ሦስት ማጠፊያ፣ ሁለት የሚታጠፍ እግር፣ አንድ መቆለፊያ ነው።

«ይኼን እኔ እሠራዋለሁ» አልኳት።

ሳቀች። «አንቺ? እማ፣ አምፖል እንኳ ሲቃጠል እኔን ነው የምትጠብቂው።»

«አምፖሉን የምጠብቅሽ እንድትመጪልኝ ብዬ ነው።»

መሳቋ አልገረመኝም። ምንም አልነገርኳትም ነበርና። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ጎንደር ገጠር ውስጥ መሣሪያቸውን በስልቻ ይዘው ከመንደር መንደር እየዞሩ ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። ወናፉን የምነፋው እኔ ነበርኩ። ገበሬው ማረሻውን ይፈልገዋል፤ ከእጃቸው ግን አይቀበላቸውም። «እዚያ አስቀምጠው» ይላቸዋል። እናቶች አባቴ ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ፤ ቡዳ ነው፣ ይበላቸዋል ብለው። በ1991 ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደዚህ ወደ አይሁድ አገር ስንመጣ ያን ስም እዚያው ትቼው መጣሁ፤ ከስሙ ጋር ሙያውንም ተውኩት። ልጆቼ ስለ አያታቸው ሲጠይቁኝ «ገበሬ ነበሩ» እላቸዋለሁ። የሰው መሬት ያርሱም ስለነበር ፍጹም ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም።

ሳጥኑን የሠራሁት ከሕንፃችን ሥር ባለው መጠለያ ውስጥ ነው። ሮኬት ሲመጣ የምንገባበት ክፍል ነው፤ በሰላሙ ጊዜ ባዶ ነው። ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው አጠገብ ጎረቤት የጣለው ቁም ሣጥን ነበር፤ ሳንቃው ጠንካራ ነው። ጎማዎቹን ከልጆቼ አሮጌ የሕፃን ጋሪ ነቀልኩ። እግሮቹን ከተጣለ የአልጋ ብረት ቆረጥኩ። ከምሠራበት ፋብሪካ ፈረቃዬን ጨርሼ ስመለስ በየቀኑ እወርዳለሁ። አንድ ቀን ስቀጠቅጥ ከላይ የምትኖር ሴት በደረጃው አንገቷን አስግጋ፣ «ጦርነት ተጀመረ እንዴ?» አለችኝ። «ገና ነው» አልኳት።

ሃያ አምስት ዓመት መዶሻ ለሥራ አልያዝኩም ነበር። እጄ ግን አልረሳም፤ ለዚህም እግዚአብሔር ይመስገን። አስቤ የሠራሁት ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን እጄን ተከትዬ ነው የሠራሁት። የእግሮቹን ጫፍ በሞረድ ስሞርድ አሾልኳቸው። ለምን እንደሆነ እንኳ ራሴን አልጠየቅሁም።

እሑድ፣ የሥራ ሳምንቱ በሚጀምርበት ቀን፣ ልጄ ሳጥኑን እየጎተተች በአውቶቡስ ሄደች። ስትመለስ «ቆሜ ሠራሁ» አለችኝ። ሰኞም ማክሰኞም እንዲሁ። የሚሠሩት ገና ወለሉ ባልተነጠፈበት አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር።

ረቡዕ ያለ ሳጥኑ መጣች። ቦርሳዋን አስቀምጣ ኩሽና ውስጥ ቆመች፤ አልተቀመጠችም።

ወደ ሕንፃው መግቢያ አዳራሽ አዛውረዋት ነበር። እዚያ ወለሉ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ተነጥፎበታል። ጠረጴዛውን ዘርግታ መሰርሰሪያዋን ስትጫን እግሮቹ ተንሸራተቱ። መሰርሰሪያው ወድቆ አንድ ሴራሚክ ሰነጠቀ። ሰው አልተጎዳም። የሥራው ኃላፊ መጣና «ይኼ የማን ቆሻሻ ነው?» ብሎ ሳጥኑን ራሱ ጎትቶ የፍርስራሽ ማጠራቀሚያው ውስጥ ጣለው። እሷን ደግሞ «ከነገ ጀምሮ መጋዘን ነሽ፤ ሽቦ ታድያለሽ» አላት። መጋዘን የዋለችበት ቀን ለፈቃዱ አይቆጠርም።

«ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀኝ» አለች። «ተጥሎ አገኘሁት አልኩት። ሁሉም ይስቁ ነበር። አፈርኩ፣ እማ። ይቅር በይኝ።»

አልተቆጣኋትም። እኔ ስለ አባቴ ያልኩትን ነው እሷም ስለ እኔ ያለችው።

«እግሮቹ ወደየት ነው የተንሸራተቱት?»

«ወደ ፊት። በረዶ ላይ እንዳሉ ነው የሸሹት።»

ያን ጊዜ ገባኝ። የአባቴ መስፍ፣ ብረት የሚቀጠቅጡበት፣ ከሥሩ ሹል ነበር፤ በየደረሱበት መሬት ላይ መትተው ይተክሉታል። በአፈር ላይ የሹል እግር ያህል የሚጸና የለም። እጄ የሠራው ለዚያ አፈር ነው።

«ስህተቱ የኔ ነው» አልኳት። «ቆሻሻ ግን አይደለም።»

«ተይው፣ እማ። መጋዘኑም ሥራ ነው።»

«ሥራ ነው። ያንቺ ሥራ ግን አይደለም።»

ሐሙስ ፈረቃዬን ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ተለዋወጥኩ። መጀመሪያ ፋርማሲ ገባሁና ከከዘራ ጫፍ የሚገባውን ጎማ ጠየቅሁ፣ ሁለት። ሻጯ «ለእናትሽ ነው ለአባትሽ?» አለችኝ። «ለጠረጴዛ» አልኳት። መዶሻዬን፣ ምስማርና አንድ ቀጭን ሰንሰለት ከቤት ይዣለሁ። በአውቶቡስ ካርሜ ጋት ወረድኩ።

በሩ ላይ ያገኘሁት ከልጄ ጋር የሚሠሩ አንድ አዛውንት ኤሌክትሪከኛ ነበሩ፤ ከሩሲያ የመጡ፣ ስድሳ ያለፋቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ምንም ሳይጠይቁ ሄልሜት አምጥተው ሰጡኝ። «ከሻሽሽ በላይ አድርጊው፤ ሥርዓት ነው» አሉኝ። ሳጥኑን ከፍርስራሹ ውስጥ አብረን አወጣነው። አንድ ጥጉ ተሰንጥቋል። እዚያው ቁጢጥ ብዬ በምስማር መታሁት፣ ጎማዎቹን ለእግሮቹ አጠለቅሁ፣ እግሮቹ ከሳጥኑ እንዳይርቁ በሰንሰለቱ አሰርኳቸው። ከዚያ ወደ አዳራሹ ጎትቼ ገባሁ።

ኃላፊው ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ስልክ ከጆሮው የማይለይ ሰው ነው። አይቶኝ ስልኩን ዝቅ አደረገ።

«ማን አስገባሽ?»

«በሩ።»

«ሴትዮ፣ እዚህ ገበያ አይደለም። ጋሪሽን ይዘሽ ሂጂና ቲማቲም ሽጪበት።»

«ቲማቲም ሳመጣ እጠራሃለሁ። አሁን ልጄን ጥራልኝ።»

አልጠራትም። ሽማግሌው ግን ወደ መጋዘኑ ጮኸው ጠሯት። መጥታ ስታየኝ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እማ፣ እባክሽ ወደ ቤት ሂጂ።»

«መሣሪያሽን አምጪና አስገቢበት።»

አመጣች። ሳጥኑ ሲሞላ ከበደ። የፊቱን ሳንቃ ዘረጋሁ፣ እግሮቹን አወጣሁ፣ የጎማዎቹን ማቆሚያ ተጫንኩ። ከዚያ የቀለም ባልዲ ገልብጬ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ጠረጴዛው ላይ ወጣሁና ቆምኩ።

ሥራ ቆመ። አንዱ ከደረጃው ላይ አፏጨ። ሽማግሌው ሳቁ፦ «እዚያ ከደረሽ አይቀር የጣሪያውን መብራት ግጠሚልን!»

«ውረጂ!» አለ ኃላፊው። «ብትወድቂ የምታሰረው እኔ ነኝ።»

«እንደማልወድቅ ግፋውና እየው።»

«አብደሻል?»

«ግፋው።»

በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። ቀጥሎ ገፋው። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ በእጁ ገፋው። ሳንቃው አቃሰተ እንጂ ከቦታው አልሄደም። በልቤ «አምላኬ፣ በልጄ ፊት አታሳፍረኝ» እያልኩ ነበር።

«ትናንት የተንሸራተተው በኔ ጥፋት ነው» አልኩት። «እግሩን ለአፈር ነበር የሠራሁት። አስተካክዬዋለሁ። ልጄ ምን አጠፋች?»

«ልጅሽ ተጥሎ አገኘሁት ነው ያለችው።»

ልጄ መሬት መሬት ታያለች። ሽማግሌው ማጠፊያውን በጣታቸው እያንኳኩ፣ «ታዲያ ይኼን ማን ነው የሠራው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ከሳቸው ነው የተማርኩት።»

በዕብራይስጥ ነው ያልኩት፤ ጮክ ብዬ። ፊቱን የሸፈነ የለም። ሽማግሌው «ይታያል» ብቻ አሉ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

ኃላፊው ሰዓቱን አየ። «እሺ፣ ዛሬና ነገ አራተኛ ፎቅ ትሥራ። እሑድ ደግሞ አያለሁ።»

«እሑድም አራተኛ ፎቅ ትሠራለች። የሠራችበትም ይፈረምላታል።»

«ሴትዮ፣ መጀመሪያ ውረጂ!»

«በዚህ ሳምንት የሠራቻቸውም ቀናት። ረቡዕም።»

«ይፈረማል! ይፈረማል አልኩ! ውረጂ፤ ሁለተኛ እዚህ እንዳላይሽ።» ሊሄድ ዞረና የተሰነጠቀውን ሴራሚክ በእግሩ አሳየ። «ይኼስ? ይኼን ማን ይለውጠዋል? በዚህ ገና እንነጋገራለን።»

ወረድኩ። ልጄ ሳጥኑን አጥፋ ወደ አሳንሰሩ ጎተተችው። አልተሰናበተችኝም፤ በሩ ሲዘጋ ግን ትስቅ ነበር።

ያን ዕለት ከሥራ ስትመለስ እጇን ሳትታጠብ ጠየቀችኝ።

«አያቴ ገበሬ ነበሩ አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«ፈርቼ።» ስለ ማረሻው፣ «እዚያ አስቀምጠው» ስለሚሉት፣ ስለ ነጠላው፣ ስለ ስሙ ነገርኳት። ቡዳ የሚለውን ቃል በአማርኛ በቤቴ ውስጥ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«አሁንስ አትፈሪም?»

«ደከመኝ። መፍራትም ጉልበት ይፈልጋል።»

«እና እኔንም እንደዚያ የሚለኝ ሰው ይኖር ይሆን?»

«ካለ ይበል። አንቺ ሽቦሽን አጥብቀሽ እሰሪ።»

ከዚያ ስለ ወናፉ ጠየቀችኝ፤ እንዴት እንደሚነፋ፣ ከምን እንደሚሠራ። በሁለት እጄ አየር ላይ አሳየኋት። እሷም ሞከረችው። አባቴ በሕይወት ሳሉ ይህን ባያዩም፣ እኔ እንዳየው ላደረገኝ አምላክ ምስጋና ይድረሰው።

ሴራሚኩ ግን ከልቤ አልወጣም። ያ ኃላፊ እንድንፈራው በእጁ ያስቀረው ገመድ እሱ ነው። እሑድ አንዲት ነገር ብትጎድል ስንጥቁን አሳይቶ መልሶ መጋዘን ያስገባታል።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ ጸለይኩ። እያየሁት የኩሽናችንን ሴራሚክ የለወጠው ሰው ትቶት የሄደውን መሮና የተረፈውን ማጣበቂያ በዘንቢል ይዤ ከልጄ ጋር በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድኩ። የተራረፉት ሴራሚኮች የት እንደተቀመጡ ሽማግሌው ነግረውኝ ነበር፤ አንድ አነሣሁ። ልጄ ሳጥኗን ይዛ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣች። እኔ አዳራሹ ውስጥ ተንበርክኬ የተሰነጠቀውን በመሮ ፈልፍዬ አወጣሁት። ኃላፊው ገብቶ አናቴ ላይ ቆመ። «እዚህ እንዳላይሽ አላልኩሽም?» አለ። ቀና አላልኩም። አዲሱን ሴራሚክ አስቀመጥኩ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር በመዳፌ ዳስሼ አስተካከልኩ፣ ዳርና ዳሩን በጨርቅ ጠረግሁ። ከዚያ ተነሥቼ፣ እስኪደርቅ እንዳይረገጥ፣ እሱ እያየኝ ዙሪያውን በገመድ አጠርኩት።