የሞተ ችግኝ ቆፍራ የተከሰሰችው መምህርት

ሰኞ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጭሮ

ከቤቴ ስነሣ ደስ ብሎኝ ነበር። ንዴቱን ያገኘሁት እዚያው ሐረርጌ ነው። ለትምህርት ቤቶች የአካባቢ ጥበቃ ክበባት ያዘጋጀሁት መምሪያ በምዕራብ ሐረርጌ እንዴት እየሠራ እንደሆነ ለማየት ነበር የተላክሁት። የመምሪያው ሐሳብ የኔ አይደለም። በአገራችን የአፈርን ሳይንስ ካስጀመሩት ጥቂት ሰዎች አንዷ የነበሩት የዩኒቨርሲቲ መምህሬ ናቸው ባለቤቱ። ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ስማቸው በየቦታው እንዲነሣ አይወዱም ነበርና እኔም ፕሮፌሰሯ ብዬ አልፋለሁ። በመጀመሪያው የትምህርት ቀን ጠመኔ አልያዙም። ለእያንዳንዳችን አንድ የደረቀ ተክልና መኮትኮቻ ሰጥተው፣ ቆፍረን ሥሩን ሳናይ ስለ ተክል አንድ ቃል እንዳንጽፍ አዘዙን። የማስተማር ፍልስፍናቸው ይኸው ነበር።

አዋሽን ስንሻገር አውቶቡሱ እንደ ምድጃ ጋለ። መስኮት ሲከፈት አቧራ፣ ሲዘጋ ላብ። ከሚኤሶ በኋላ ዳገቱ ጀመረና አየሩ ቀለለ። ጫት የጫኑ አይሱዙዎች ጥሩምባቸውን እየነፉ በየኩርባው ሲመጡብን ከጎኔ የተቀመጡት ነጋዴ «አይዞህ፣ እነሱ መንገዱን በቃል ያውቁታል» አሉኝ። አላጽናናኝም። ጭሮ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር።

ማክሰኞ፣ ጭሮ

ጠዋት በአንድ ትምህርት ቤት የክበቡ ተማሪዎች ተሰልፈው ጠበቁኝ። ግድግዳው ላይ የኔ መምሪያ ሰባት መርሆች በትልቁ ተጽፈው፣ ፕላስቲክ ለብሰው ተሰቅለዋል። ርዕሰ መምህሩ በእጁ ምልክት ሲሰጥ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ጀመሩ፦ «መርህ አንድ! ተማሪ በእጁ ይማራል! መርህ ሁለት!» እስከ ሰባት አንድ ቃል ሳይሳሳቱ ወረዱት።

«ጎበዞች። እስቲ ዘንድሮ በእጃችሁ ምን ሠራችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ።

ሁሉም ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞሩ። እሱም ፈገግ ብሎ «መርሆቹን አጥንተዋል» አለኝ።

በእጅ መማርን በአፍ ሸምድደውት ቁጭ አሉ! ደሜ ፈላ። በልጆቹ አልተናደድኩም፣ በሰውየውም ብዙ አልተናደድኩም። ሰባት አድርጌ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ለመሸምደድ እንዲመች አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ሻይ ጋበዙኝ፣ ጠጥቼ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ገለምሶ

ሚኒባሱ በበዴሳ በኩል እያንገጫገጨ ገለምሶ አደረሰን። ሦስት ለሚቀመጡበት አምስት ሆነን ስለነበር ስወርድ አንድ እግሬ ደንዝዞ ነበር። መምህርት ረሂማ መናኸሪያው ላይ ጠበቀችኝ። በስልክ ብቻ ነበር የምንተዋወቀው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኝ ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምራለች፤ ዕድሜዋ ሠላሳ ቢሆን ነው።

«አሰላሙ ዓለይኩም ጋሼ! እንኳን ደህና መጡ። በጥሩ ቀን ነው የመጡት፤ ነገ ክሴ ይታያል» አለችኝ፣ ሻንጣዬን እየተቀበለች።

ሆጃ ጋበዘችኝ። በቡና ቅጠልና በወተት የሚፈላው ይህ መጠጥ ከሻይ ይበልጥብኛል፤ ያን ቀን ግን ሳልጨርሰው ተነሣን። ተራራው ላይ ወሰደችኝ። ክረምት በዘመቻ የተተከለው ችግኝ በረድፍ በረድፍ ደርቆ ቆሟል። መቆፈሪያ ሰጠችኝና «እንኩ፣ የፈለጉትን ይቆፍሩ» አለች።

ሁለት ጊዜ ቆፍሬ ሳብ ሳደርገው ችግኙ ከነጥቁር ላስቲኩ ወጣ። ላስቲኩ አልተቀደደም። ሥሩ ውስጡ ተጠቅልሎ፣ ተጠቅልሎ፣ ታንቆ ሞቷል። ሌላ ቆፈርኩ። ያው ነው።

«ላስቲኩን ሳትቀዱ ነው የተከላችሁት?»

«ኤዬ፣ አዎ። ምላጭ የያዘ ሰው አልነበረም ጋሼ። የተቀደደውን ላስቲክ ደግሞ ለቅሞ መመለስ አለ። የሚቆጠረው የተደፈነ ጉድጓድ ነው፤ ለዘመቻው የመጡት እንግዶችም ፎቶ ተነሥተው ሊሄዱ ቸኩለዋል። ተማሪዎቼ ‘መምህር፣ ላስቲኩስ?’ አሉኝ። እኔም ‘ዝም ብላችሁ ትከሉ’ አልኳቸው።» ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። «እኔም ነበርኩበት።»

ችግኞቹ መድረቅ ሲጀምሩ ተማሪዎቹ ለምን ብለው ጠየቁ። መልሱን ከመጽሐፍ መፈለግ አሳፈራትና ክፍሉን ይዛ ወጥታ አስቆፈረቻቸው። አንዲት ልጅ የመጀመሪያውን ስታወጣ «ሂዲ ሂንባኔ!» ብላ ጮኸች፤ ሥሩ መውጫ አጥቷል ማለቷ ነው። በዚያ ቀን ገና ያልሞቱትን እያወጡ፣ ላስቲኩን እየቀደዱ መልሰው ተከሉ። በተራራው ላይ አረንጓዴ የሚታዩት እነዚያ ብቻ ናቸው። ክሱ ግን «ተማሪ አስከትላ የተተከለ ችግኝ ነቀለች» ይላል። ከጸናባት ወደ ሩቁ ቦኬ ገጠር ትዛወራለች። ሁለት ሕፃናትና የታመመች እናት ገለምሶ አሏት።

የገደሉት ሪፖርት ጽፈዋል፤ ያዳነችው ተከሰሰች!

ሐሙስ፣ ስብሰባው

የዲሲፕሊን ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። እንግዳ ነኝና እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ። ሰብሳቢው ከፊቱ የኔን መምሪያ ዘርግቷል።

«መምህርት ረሂማ፣ ችግኝ መንቀል በየትኛው ገጽ ላይ ነው ያለው?»

እሱ ገጹን ሳይገልጥ እኔ አወቅሁት። የለም። ነበረ፣ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ነበረ፣ የፕሮፌሰሯ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት። ለኅትመት ሲዘጋጅ ከአሳታሚዎቹ አንዱ «የሞተ ችግኝ መንፈስ ይሰብራል» አለኝ። እኔም ሳልከራከር አወጣሁትና በምትኩ ስለ ዛፍ መዝሙር አስገባሁ።

ተነሥቼ ይህንኑ ተናገርኩ። የመምሪያው ልብ ያ የፕሮፌሰሯ ምዕራፍ እንደነበረ፣ ያወጣሁት እኔ መሆኔን፣ መቀጣት ካለበትም እኔ መሆኔን። ከተራራው ያመጣሁትን ችግኝ ከነላስቲኩ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ።

«ጠረጴዛው ይቆሽሻል» አለ ሰብሳቢው። ቀጥሎም በጣም በትሕትና፣ «እናመሰግናለን። እንግዲያው መምሪያውን አሻሽለው ይላኩልን። እስከዚያ በታተመው ነው የምንሠራው።»

ስለ ላስቲኩ አንድ ሰው አልጠየቀም። አንድ ሰው! ጮኽኩ፤ ምን ብዬ እንደጮኽኩ በደንብ አላስታውስም። አንዱ የኮሚቴ አባል በክንዴ ይዞ አስወጣኝ። ከምሳ በፊት ዝውውሩ ተወሰነ።

ረሂማ በረንዳው ላይ አገኘችኝ። እንደምታለቅስ ጠብቄ ነበር፤ ተቆጥታለች።

«ፕሮፌሰሯ እውነት እንዲህ ያስተምሩ ነበር?»

«አዎ።»

«እኔኮ ከራሴ ያመጣሁት መስሎኝ ነው የፈራሁት። ማታ ማታ ‘ምን አበላሸሁ?’ እያልኩ። ባውቅ ኖሮ ደረቴን ነፍቼ እቆም ነበር። ለምን አወጡት ጋሼ?»



ከጉዞው በኋላ፣ አዲስ አበባ

ዓርብ በዚያው መንገድ ተመለስኩ። ስለ መልክዓ ምድሩ የምጽፈው የለኝም፤ አላየሁትም። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ ትልቅ መምህርን የሚያጠፋው ጠላቱ ብቻ እንዳልሆነ ነው። እንደኔ ያለ አክባሪ ተማሪም ያስቸገረውን ቆርጦ፣ የቀረውን በፕላስቲክ አልብሶ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ሰው ሳይቆጣኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ነው ያደረግሁት። እሑድ ጠዋት ምዕራፉን መልሼ ጽፌ ለአሳታሚዎቹ ላክሁ። «የሚቀጥለውን በጀት እንጠብቅ» አሉኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ረሂማ ከቦኬ ደወለች። ልጆቿ ናፍቀዋታል፤ እናቷን ጎረቤት ይዛላታለች። መኪና የሚገኘው በገበያ ቀን ብቻ ነው።

«እዚህም ተተክሏል ጋሼ» አለችኝ።

«ደርቋል?»

«ግማሹ። ምዕራፉስ ታተመ?»

«ገና ነው፤ በጀት ይጠበቃል።»

ከኋላዋ የልጆች ጫጫታ ይሰማኛል።

«ይጠብቁ» አለች። «እኛ ቁፋሮ ጀምረናል።»