ከኮሪያ የመጣው ደብዳቤና የርብ ውሃ

ባለፈው መጋቢት፣ ገና ሊነጋጋ ሲል፣ ወረታ የምኖርበት ቤት በር ተንኳኳ። ስከፍት ከርብ ወንዝ ማዶ የመጡ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ «ርብ ሞልቶ ነው?» አልኋቸው። ከኋላዬ ያለችው ልጄ «ጃጀች» ብላ ሳታዝንልኝ አልቀረችም። ነገሩ ግን የእርጅና አልነበረም።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ከርብ ማዶ ነበር። ታላቅ ወንድሜ አዱኛ ወታደር ሆኖ ኮሪያ ዘምቷል። እናቴ ኮሪያ ከባሕር ማዶ ነው ሲሏት ወደ ጣና አቅጣጫ ትመለከት ነበር። ደብዳቤው ወረታ አንድ ነጋዴ ሱቅ ይደርስና እዚያው የሚኖሩት መሪጌታ ያነቡልናል፤ እኛ ቤት ከአዱኛ በቀር ፊደል የቆጠረ የለም። ግማሹ ሰላምታ ነው። ላሞቹ ሳይቀሩ ደኅንነታቸው ይጠየቃል፤ እናቴ የላሟን የቦራን ስም ስትሰማ ትስቃለች።

በዚያ ክረምት ግን ደብዳቤ ጠፋ። ሰኔም ሐምሌም አለፈ። ሜዳው ውሃ ተኝቶበታል፣ ቤቱ በርጥብ ኩበት ጭስ ታፍኗል። እናቴ የሽምብራ ንፍሮ አፏ ውስጥ አድርጋ ማላመጡን ትረሳዋለች። እኔም ውሻ በጮኸ ቁጥር እደነብር ነበር።

ነሐሴ ላይ ጌሾ ልሸጥ ወረታ ሄጄ ነጋዴውን ጠየቅሁት።

«ደብዳቤስ መጥቷል፤ መሪጌታ ወሰዱት። ለልጅቱ አይሰጣት፣ እኔው ይዤ እመጣለሁ ብለዋል» አለኝ።

ለምን ብዬ ለመጠየቅ ፈራሁ። ለእናቴ ስነግራት ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው፤ ሽማግሌዎች ተሰባስበው ይመጣሉ። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። መሪጌታ በሁለት ሰዎች መሃል ሆነው ይመጣሉ፤ የሦስቱም ኩታ እንደ ሐዘንተኛ ጥለቱ ወደ ላይ ነው። እናቴም አይታቸው ኖሮ መቀነቷን ፈታ ደረቷን ትደቃ ጀመር። «ልጄ ቀረ፣ ሰው አገር ቀረ» ትላለች።

መሪጌታ ደጃፉ ላይ ደርቀው ቆሙ። «ማን ሞተ?» አሉ።

«አዱኛ» አልሁ።

«ማን ነገራችሁ? እግሩን ቆስሎ ሐኪም ቤት ተኛ እንጂ ደኅና ነው። በገዛ እጁ ነው የጻፈው።»

ርብ በክረምት ከሰዓት በኋላ፣ ደጋው ላይ ሲዘንብ ይሞላል፤ የሚሻገሩት በማለዳ ነው። መሪጌታን ሁለት ሰው የደገፋቸው ስላረጁ ነበር። የኩታቸው ግርጌ ስለረጠበ ገልብጠው ለብሰውታል። ደብዳቤውን ለእኔ ያልሰጡት ውሃ እንዳያገኘው ሲሆን፣ እሳቸው በጥምጥማቸው ውስጥ አድርገው ነው ያሻገሩት። የወንዙን ጠባይ እኛም እናውቅ ነበር፤ ፍርሃት ግን ሁሉን ያስረሳል።

እናቴ ግን አልተጽናናችም። በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው። «በገዛ አፌ ሞት ጠራሁበት» እያለች ወራቱን በስለት ገፋችው። እኔም ከእሷ ጋር ፈራሁ። አዱኛ ከዘመቻው እያነከሰ ሲገባ እንኳ እጁን ዳብሳ ነው ያመነችው።

እሱም ይህን ከሰማ ወዲህ ማለዳ የማንንም ቤት አንኳኩቶ አያውቅም። ከርብ ማዶ ካለው ቤቱ ወረታ እኔ ዘንድ ሲመጣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ነው፤ ከሩቁ «አዱኛ ነኝ፣ ደኅና ነኝ» እያለ።

በመጋቢት ርብ አሸዋ ነው፤ ጥጃ ይሻገረዋል። ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ቢሆንም ጠየቅኋቸው። ሦስቱም አቀረቀሩ። ከሦስቱ አንዱ «አዎ፣ ሞልቷል» ቢለኝ ምን ነበረበት።