ፔሎታ ያስተማረችን ቲቸር

በደርግ ጊዜ ነው። ላፍቶ አካባቢ ሰባተኛ ክፍል ስማር፣ ኩባ ተምራ የተመለሰች የስፖርት አስተማሪ ተመደበችልን። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምጿ ከሜዳው ማዶ የሚሰማ ሴት ነበረች። «ፔሎታ» የምትለውን ጨዋታ ይዛልን መጣች፤ ኩባኖች በዱላ ኳስ እየመቱ የሚሮጡበትን። ሜዳው ጠጠር ስለሚበዛበት መጀመሪያ ተሰልፈን ድንጋይ ለቀምን። ከዚያ አፈር የሞላናቸውን አራት ከረጢቶች በአራት ማዕዘን አስቀመጥን።

የኳስ መያዣ ጓንት ግን አልነበረንም። አባቴ ጫማ ሰፊ ስለነበር ቲቸር ራሷ ሱቁ ድረስ መጣች። መዳፏን ወረቀት ላይ ዘርግታ በእርሳስ ዞረችበትና፣ «ጋሼ፣ ከዚህ እጥፍ ይስፉልኝ» አለችው።

አባቴ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየና፣ «ይህን የሚያክል እጅ ያለው ማነው ልጄ?» አላት። እየሳቀም ቢሆን ከቁርጥራጭ ቆዳ ስድስት ጓንት ሰፋልን።

የኔ ቦታ በሁለተኛውና በሦስተኛው ከረጢት መካከል ነበር። መሬት ለመሬት የሚበረው ኳስ የሚበዛው እዚያ ነው። እኔ ደግሞ ፈሪ ነበርኩ። ኳሱ ሲመጣ ፊቴን አዞራለሁ። አንድ ቀን ትከሻዬን መታኝና ተቀምጬ አለቀስኩ።

ቲቸር አጠገቤ ተንበረከከች። «ፊትሽን ስታዞሪ እጅሽም አብሮ ይዞራል። እያየሽው ከሆነ አይመታሽም» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየእረፍቱ እኔን ብቻ ታሠራኝ ጀመር። ጓንቱን አስወልቃ፣ አስጎንብሳ፣ ኳሱን ቀስ እያደረገች ታንከባልልልኛለች። «እግርሽን ከፈት፣ ጉልበትሽን አጠፍ አድርጊ። እጅሽ መሬት ነክቶ ይጠብቀው። ሌላው እጅሽ ከላይ ይክደነው። አትንጠቂው፤ ሕፃን እንደሚቀበል ሰው ወደ ሆድሽ ሳብ አድርጊው።» አንድም ቀን ሰልችቷት አላየሁም።

ያም ሆኖ ጨዋታ ላይ ስገባ ፊቴ ይዞርብኝ ነበር። አንድ ዓርብ ቲቸር «እዪኝ» ብላ ቦታዬ ላይ ቆመች። አንዷ ልጅ ኳሱን በኃይል መታችው። ኳሱ ካልለቀምነው ድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ተነሣና አፏን መታት። እግሯ ሥር ወደቀ። በባዶ እጇ አነሣችው፣ አንድ እርምጃ ተራመደች፣ ወደ አንደኛው ከረጢት ወረወረች። የመታችው ልጅ ሮጣ ሳትደርስ ኳሱ ደረሰ።

«ቲቸር፣ ደም!» ብዬ ጮህኩ።

ከንፈሯን በእጅጌዋ ጠረገችና አየችኝ። «ዋሽቼሻለሁ» አለች። «አንዳንዴ እያየሽውም ይመታል። ግን አየሽ፣ አልሞትኩም።»

ብዙ አስተማሪዎች አስተምረውኛል፤ ተማሪ ፊት እንዲህ ተሳስቻለሁ ያለ ግን ሌላ አላስታውስም። እሷ ቧንቧው ጋ ሄዳ አፏን ስትታጠብ፣ ማንም ሳይጠራኝ ቦታዬ ገባሁ። የመጀመሪያው ኳስ አመለጠኝ። ሁለተኛው ግን ዓይኔን ሳልጨፍን ሆዴ ላይ ገባ። ወደ አንደኛው ከረጢት ወረወርኩት። ደወል እስኪደወል ከዚያ ቦታ አልወጣሁም።