ካባው የማኅበሩ ነው

ፍራንክፈርት ውስጥ ሀበሻ በተሰበሰበበት የአቶ ገናናው ስም ሲነሣ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ዙሪያውን ያያል፣ ሰውየው አጠገቡ ቆሞ እንዳይሆን። ሳቁ ከቅጽል ስሙ የመጣ ነው። በሌለበት «ዶክተር ሻንጣ» ነበር የሚሉት።

ጀርመን የመጣው በተማሪነት ነው፤ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል አገሪቱን ስለመሩት ፕሬዚዳንቶች የዶክትሬት ጽሑፍ ሊጽፍ። ፕሬዚዳንት እንዴት ይነሣል፣ እንዴት ይወድቃል፣ ጆሮው ሥር ማን ያንሾካሹካል? ጥናቱ ይህ ነበር። አገር ቤት አብዮቱ ሲፈነዳ የሚከፍልለት ጠፋ፤ ጽሑፉም እዚያው ቀረ። እሱ ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭን ኖሮ ወገቡ አልታዘዝ ሲለው ጡረታ ወጣ። ፕሬዚዳንት ግን አላጣም። ኢትዮጵያውያኑ ማኅበር ነበራቸው፤ እዚያ ሰፈር «ፈራይን» ነው የሚሉት። ፈራይን ካለ ሊቀመንበር አለ፤ ሊቀመንበር ካለ ደግሞ ሊጥለው የሚፈልግ አይጠፋም። ገናናው ሁለቱንም ያማክር ነበር።

በየዓመቱ በዓል መድረክ ላይ ወጥቶ የሊቀመንበሮቹን ታሪክ በቃሉ ይናገራል። የሞተውን ያመሰግናል፣ በሕይወት ያለውን ይወጋል። «ሦስተኛው ሊቀመንበራችን፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ ሁለት ነገር ይወድ ነበር፤ አንዱ ማይክሮፎን ነው፣ ሁለተኛው ሌላ ማይክሮፎን!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። ያቺ መድረክ ለእሱ የቀረችበት ፕሮፌሰርነት ነበረች፤ በዓመት አንድ ቀን ሻንጣ ጫኝ አልነበረም።

በ2006 ሊቀመንበሩ ኃይለ መስቀል ነበር፤ ፈራይኑን የመሠረተው ሰው። ያን ጊዜ አዲስ ጥገኝነት ጠያቂዎች በብዛት ይመጡ ነበር፤ ከፊሉ ሽማግሌ ይጦራል፣ ከፊሉ ቢሮ ያጸዳል። ኃይለ መስቀል «የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ድምፅ የለውም» ብሎ ወንበሩ ላይ ሙጭጭ አለ። «ዶክተር ሻንጣ» የሚለውን ስም ያወጣውም እሱ ነው። ገናናው ይህን አልረሳም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሊወዳደር ያሰበው ያቆብ የማኅበሩን ጸሐፊ ፍሬን አስከትሎ ኖርድቬስትሽታት ሰፈር ገናናው ቤት መጣ። ፍሬ ያን ጊዜ ገና ልጅ ናት፤ የአረጋውያን ቤት ትሠራለች።

«በምርጫ ብቻ አይሆንም» አለ ገናናው። «ብታሸንፉትም በየስብሰባው ይጮህባችኋል። ሰው በስድብ አይወድቅም፤ ይብስ ይደነድናል። አክብሩት።»

«ማክበር ማለት?» አለ ያቆብ።

«ካባ አልብሱት። ‹የክብር ሊቀመንበር› በሉት። ፊት ወንበር ስጡት። ከዚያ በኋላ አፉን በከፈተ ቁጥር የምትሉት አንድ ነገር ነው፤ ‹ጋሼ፣ አይድከሙ።›»

ያቆብ ሳቀ። ፍሬ አልሳቀችም፤ ትሰማ ነበር።

እንደተባለው ተደረገ፤ ያቆብም ተመረጠ። በወርቅ ጥልፍ ያጌጠ ጥቁር የከፋይ ካባ ከአዲስ አበባ ተላከ። ኃይለ መስቀል ሲለብሰው በእልልታ መካከል እንደ ልጅ አለቀሰ። በሚቀጥለው ስብሰባ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ አይድከሙ» አለው ያቆብ። ደግሞ አወጣ። «አይድከሙ፣ ጋሼ!» አሁን አዳራሹ መሳቅ ጀመረ።

ኃይለ መስቀል ወደ ገናናው ዞረ። «አንተ እንኳ ንገራቸው እንጂ! ሊቀመንበራቸው እኮ ነኝ።»

«የክብር ነህ፣ ኃይሌ» አለ ገናናው። «ክብር ደግሞ ይታያል እንጂ አይናገርም።»

ያቺ አባባል በየልደቱና በየክርስትናው ለዓመታት ተሳቀባት።

ኃይለ መስቀል ግን መምጣቱን አልተወም። በሐምሌ ሙቀት ሳይቀር ካባውን ደርቦ በኡባን፣ በምድር ውስጥ ባቡር፣ ይመጣል፤ የጀርመን ሕፃናት እያዩት እናቶቻቸውን ይጎትታሉ። ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥና እጁን ያወጣል፤ ይስቃሉ፤ ያወርዳል። በኋላ ስትሮክ መታውና አንደበቱ ተዘጋ። «እንግዲህስ አይደክምም» ብሎ የቀለደ አለ። በ2009 ዞሰንሃይም ሰፈር፣ ቤቱ አረፈ።

መቃብሩ ላይ ታሪኩን የተናገረው ገናናው ነው፤ አሳምሮ ተናገረ፣ አልቅሶም አስለቀሰ። አርባው እንደወጣ ያቆብን «ካባው የማኅበሩ ነው» አለው። «ይመለስ። ነገም የሚከበር ሰው አይጠፋም።»

የተላከችው ፍሬ ናት። የሟቹ ሚስት ወይዘሮ እታለም ካባውን ከባሏ ፎቶግራፍ ሥር ሰቅላው ነበር።

«ማነው ያዘዘሽ?»

«ጋሽ ገናናው።»

«እሺ» አለችና አጥፋ ሰጠቻት።

ዓመታት አለፉ። ያቆብ ለቀቀ፤ ፍሬ ተመረጠች። እንዴት እንደምታሸንፍ ያስጠናት ያው ገናናው ነው። በ2013 ፈራይኑ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሆነ። ገናናው ከእንግዲህ ሌላ የአሥር ዓመት በዓል እንደማይደርስለት ያውቃል። ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ ፍሬ ድረስ በሙሉ ሊናገር፣ በቪዲዮም ሊያስቀርጽ አሰበ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ሲለማመድ ልጁ ማርቲ መጣች።

«ይቺ ናት ዶክትሬቴ» አላት።

ማርቲ በጀርመንኛ መለሰች፤ «ፓፓ፣ ዳስ ኢስት ኑር አይን ፈራይን።» ማኅበር ብቻ እኮ ነው ማለቷ ነው።

«ፕሬዚዳንቶቹ ትንንሽ ቢሆኑ ታሪኩ ትንሽ አይደለም!» ብሎ ተቆጣ።

በዚያው ሰሞን ፍሬ አንድ ወሬ ደረሳት። ሙሌ የሚባል ወጣት በሚቀጥለው ምርጫ ሊገዳደራት እንደሚፈልግና ገናናው ጋ ሻይ ሲጠጣ እንደታየ ነገሯት። ደወለች።

«ጋሼ፣ ሙሌ ይመጣል አሉ።»

«የታሪክ ሰው ከሁሉም ጋር ሻይ ይጠጣል፣ ልጄ።»

«ልክ ነዎት» አለች ፍሬ፤ ድምፅዋ ማር ነበር። «ለበዓሉ ፊት ወንበር እንይዝልዎታለን።»

ገናናው ደስ ብሎት ስልኩን ዘጋ። ያንን ምክር ለሌላ ሲሰጠው ስለኖረ፣ ለእሱ ሲመጣ አላወቀውም።

የበዓሉ ቀን ግራጫ ሱፉን ለብሶ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠና የመክፈቻውን ቃል ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በቃሉ ይለው ጀመር። ፍሬ ማይክሮፎኑን ያዘች።

«ሁላችንንም ያስተማሩንን አባት ዛሬ ‹የክብር የታሪክ ጸሐፊ› ብለናቸዋል። ካባውን ወይዘሮ እታለም ያልብሱልን!»

እልልታው ቀለጠ። የናፍታሊን ሽታው ቀድሞት መጣ። ገናናው ካባውን አየ፤ የግራ ትከሻው ጥልፍ ኃይለ መስቀል እጁን ሲያወጣና ሲያወርድ እንደተተረተረ ነው። ሊነሣ ሲል እታለም ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችው። ተማሪ ሳለ ስንት ቀን ያበላችው ሴት ናት። አንገቱ ሥር ስትቆልፈው ጆሮው ጋ ጎንበስ አለች።

«ኃይሌን ይጠበው ነበር» አለችው። «ላንተ ልክ ነው።»

ገናናው ተነሣ። «የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ ታሪካችን የሚጀምረው...»

«ጋሼ፣ አይድከሙ» አለች ፍሬ።

መጀመሪያ የሳቁት ነገሩን የሚያውቁት ነባሮቹ ናቸው። ከዚያ አዳራሹ ሙሉ ሳቀ፤ ሙሌም ሳቀ። ገናናው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ልጆቼ፣ አንዴ ስሙኝማ!» ቢል ሙዚቃው ተለቀቀ። ሰው እየጨፈረ በፊቱ ሲያልፍ አንዳንዱ ጎንበስ ብሎ ካባውን ይሳለማል፤ እየሳቀ።

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ፍሬ ደረሰችበት።

«ጋሼ፣ ካባው የማኅበሩ ነው። እዚሁ ቢቀር አይሻልም? ያኔ ከወይዘሮ እታለም ስቀበል በጣም አፍሬያለሁ፤ ደግሞ ከማርቲ መቀበል አልችልም።»

ገናናው ማውለቅ እንዲቀላት ጀርባውን ሰጣት።

ማርቲ መኪናዋን አስነሥታ ትጠብቀው ነበር። ጎኗ ሲቀመጥ በጀርመንኛ ጠየቀችው፤ «ተናገርክ፣ ፓፓ?»

ገናናው ቀበቶውን ለመቆለፍ ሲታገል ቆየ።

«አከበሩኝ» አላት።