ገረመው ቀጥቃጭና ሌሎቹ ቀጥቃጮች

ገረመው ቀጥቃጭን ደብቆ ያኖረው እንግሊዝኛ ነው። ፈረንጅ «ቀ»ም ሆነ «ጠ» ወይም «ጨ» ከጉሮሮው አይወጣለትምና፣ ስሙ አንዴ በላቲን ፊደል ከተጻፈ በኋላ «ኬትካች» ሆኖ ቀረ። የኦክላንዱ ፖስተኛ ኬትካች ይለዋል፤ አለቃው «ሚስተር ካች» ብሎ ያሳጥረዋል። እዚያው ቴሌግራፍ አቬኑ መንገድ ላይ ያለው ሐበሻ ደግሞ መታወቂያውን ያይና «ይሄ የምን ስም ነው? ከህንድ ነው እንዴ የመጣኸው?» ብሎ ስቆ ያልፋል። ገረመውም አብሮ ይስቃል። «ሱዳን ላይ አበላሹት፤ የወረቀት ስህተት ነው» ይላል። ግማሹ እውነት ነው።

ሌላው ግማሽ እነሆ። የገረመው አባት ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ከደብረ ብርሃን ቁልቁል በምትገኝ መንደር ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን ለአገሩ ሰው ሁሉ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። መንደርተኛው ማረሻውን ይወስዳል፣ እጃቸውን ግን አይጨብጥም። «ቡዳ ናቸው፤ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ» ይላል። እንግዲህ ይህን የሚለው በእሳቸው ማረሻ አርሶ ሆዱን የሞላው ሰው ነው። ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

ገረመው ልጅ ሳለ፣ ዘነበ የሚባል ድቡልቡል ያለ የጎረቤት ሕፃን ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ትኩስ ዳቦ ሲገምጥ አየ። ርቦት ነበርና አፍጥጦ አየ። ከዚያ በኋላ ሕፃኑን ትኩሳት ያዘው፤ ይቃዥ ጀመር። ሰዎች ዱላቸውን ይዘው መጡ። የገረመውን አባት እየደበደቡ ሕፃኑ ዘንድ ጎትተው ወሰዱና «እንትፍ በልበት!» አሏቸው። እንትፍ አሉበት። ሕፃኑ ግን ሞተ።

ገረመውን ዕድሜ ልኩን የተከተለው ዱላው አይደለም። አባቱ ተመልሰው፣ ደማቸውን ታጥበው ከተቀመጡ በኋላ የተናገሩት ቃል ነው። ፊታቸውን ወደ እሱ ሳያዞሩ «ከዛሬ ጀምሮ ሰው ሲበላ አትይ። የሰው ልጅም አትይ» አሉት። «አንተ አላደረግክም» አላሉትም። ልጁ የጠበቀው እሱን ነበር፤ ቢመሽም ጠበቀ፣ በማግስቱም ጠበቀ። አባቱ ራሳቸው ያምኑበት ነበር ማለት ነው።

ካደገ በኋላ አዲስ አበባ ገባ፤ ሹፌር ሆነ። ለሚስቱ ለመንበረ «አባቴ ነጋዴ ነበር» ብሎ ነገራት። እዚያ ማንም አያውቀውምና አንገቱን ቀና ማድረግ ጀምሮ ነበር። ኋላ የደርግ ጊዜ ሲከፋ ሚስቱንና የሁለት ዓመት ልጁን ሳሌምን ይዞ ወደ ሱዳን ተሰደደ።

ካርቱም ላይ አሜሪካ ለመግባት ቃሉን ሲሰጥ፣ መዝጋቢው ፈረንጅ «ፋሚሊ ኔም» አለ። አስተርጓሚው «ቤተሰብህ ማን ይባላል?» ብሎ ተረጎመለት። ሐበሻ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለውም፤ የአባቱ አለው፣ የአያቱ አለው፣ አበቃ። የአባቱን ስም ገረመው አስቀድሞ ተናግሯል። ቤተሰባችን ማን ይባላል? መንደሩ የሚጠራቸው ስም አንድ ብቻ ነው። ሰልፉ ላይ ደግሞ «የዋሸ ይመለሳል፤ ሁሉን ነገር ያጣራሉ» ሲባል ሰምቷል። መንበረ ልጅ አዝላ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆማለች።

«ቀጥቃጭ ነው የሚሉን» አለ።

አስተርጓሚው አንዴ ቀና ብሎ አየውና ፊደል በፊደል ለፈረንጁ ነገረው። ከኋላው የነበረው አበበ የሚባል ሰው ለዚያው ጥያቄ የአያቱን ስም ጠርቶ በሰላም ወጣ። ገረመው ይህን ሲሰማ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አገር ለአገር የሸሸውን ስም በገዛ አፉ አስጽፎ አሜሪካ ይዞት ሊገባ ነው።

ኦክላንድ ውስጥ የሚያውቁት ሁሉ ጨዋ ሰው ነው ይሉታል። ዓይኑን ሰብሮ ስለሚሄድ ትሑት ይመስላቸዋል። ምግብ ቤት ሲጋበዝ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ ይቀመጣል፤ ክርስትና ቤት ሲጠራ ስጦታውን አስቀምጦ ሕፃኑን ሳያይ ይወጣል። «ጋሽ ገረመው ሥራ ይበዛበታል» ይባላል። መንበረ በኩላሊት ታማ በፈረንጆቹ ዘጠና ሦስት ስታርፍ ሐኪሞቹ የበሽታውን ስም ነግረውታል፤ እሱም ሰምቷል። ቢሆንም ቤቱ ባዶ በሆነበት ሰዓት ሁሉ አንድ ጥያቄ መጥቶ አጠገቡ ይቀመጣል፤ ምሳዋን ስትበላ ረስቼ አይቻት ይሆን? ይህን ለማን ይነግሩታል? ለካህን እንኳ አልነገረም።

ሳሌም ሳን ሆዜ ኮሌጅ ገብታ ማርቲን ኤሬራ የሚባል የሜክሲኮ ልጅ ወደደች። አንዳንዱ ሐበሻ ከንፈሩን መጠጠ። ገረመው ግን በልቡ እልል አለ። ልጅቷ የባሏን ስም ትወስዳለች፤ ቀጥቃጭ የሚባለው ነገር እሱ ጋር ያልቃል፤ እሱ ጋር ይቀበራል። ሠርጉ ላይ «ሳሌም ኤሬራ» ተብሎ ሲጠራ ዕንባው መጣ። ሰው የአባት ሆድ ነው ብሎ አዘነለት።

ከሠርጉ በኋላ የማርቲን አባት ሳን ሆዜ ቤታቸው ጋበዙት። የፍራፍሬ ማሸጊያ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። ስለ ዘር ማንዘራቸው እየተጫወቱ በስፓኒሽ አንድ ነገር ተናግረው ጠረጴዛውን በጡጫቸው መቱ። ማርቲን እየሳቀ ተረጎመ። «ኤሬራ ማለት ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው ይላል። አያት ቅድመ አያቶቻችን የፈረስ ጫማ ይሠሩ ነበር።»

የገረመው ሹካ ከእጁ ወደቀ። ሽማግሌው የሰከረ መስሏቸው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ማርቲንም ጨዋታው ደርቶለት ቀጠለ፤ ስሚዝ ያው ነው፣ ሽሚትም ያው ነው፣ ሳን ፓብሎ ያለው ሃዳድ የሚባለው ባለሱቅ እንኳ ስሙ በዓረብኛ ያው ነው። ዓለም በቀጥቃጭ የተሞላ ነው! ብሎ ሳቀ። ገረመው አልሳቀም። ያ ነገር ከመንደር ተነሥቶ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ቀድሞት ደርሶ፣ ልጁን ደጃፍ ላይ ሲጠብቃት እንደኖረ ነው የተሰማው።

የገረመው ሥራ ኦክላንድ ኤርፖርት ነው። የተሳፋሪውን ስም ካርቶን ላይ ጽፎ ይቆማል፤ ተሳፋሪው ሲመጣ በሚኒባስ ያደርሰዋል። «ስሚዝ» ብሎ ያልጻፈበት ሳምንት የለም፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ጠይቆ አያውቅም ነበር። ከዚያ ምሳ ወዲህ ግን ካርቶኑ ከበደው። ስሚዝ ብሎ ይቆማል፤ አንድ ቀን ጥቁር ወታደር ይመጣል፣ አንድ ቀን ነጭ የጥርስ ሐኪም፣ አንድ ቀን ሰፊ ባርኔጣ የደፉ የቤተ ክርስቲያን እናት፣ አንድ ቀን ፀጉሩ ቀይ የሆነ ጎረምሳ ጊታር አዝሎ። ሁሉም ዓይን ለዓይን ገጥመው «ያ እኔ ነኝ» ይሉታል፤ እጁን ይጨብጡታል። አንዷ ስሚዝማ ቦርሳዋን ልትፈትሽ ብላ ጨቅላዋን እቅፉ ውስጥ ወረወረችው። መልሳ እስክትወስደው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። እነዚህ ሰዎች የማንም ልጅ ሲበላ ያያሉ፣ ያንን ልጅ ጉንጩን ይስማሉ፣ ማንም በዱላ አይመጣባቸውም። እነሱን ማን ነው የማራቸው? ብሎ ተናደደ፤ ቀናም። መናደዱ ግን አልፈታውም።

በዘጠና ስምንት ሳሌም ወንድ ልጅ ወለደች፤ ማቴዮ አሉት። ገረመው ሳን ሆዜ ሆስፒታል ድረስ ሄደ። ነርሷ ሕፃኑን በመስታወቱ በኩል ከፍ አድርጋ ስታሳየው የገዛ ጫማውን አየ። ከዚያ ወዲህ በሥራ አሳበበ። እናት የላት፣ አራስ ናት፤ ያሳዝነዋል። ወይዘሮ ወይንሸት የምትባል የቴሌግራፍ ባለ ምግብ ቤት አጥሚት እያፈላችለት በፔርሙዝ ይዞ ሳን ሆዜ አጠገብ ካምቤል፣ ሳሌም ቤት ድረስ ይነዳል፤ ደጃፏ ላይ ያስቀምጥና ደወሉን ተጭኖ መኪናው ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለ የአራስ ጥየቃ አገር አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ግን ፔርሙዙን ሊያስቀምጥ ጎንበስ እንዳለ በሩ ተከፈተ። ሳሌም ሕፃኑን አቅፋ ቆማለች።

«ዳዲ፣ ስቶፕ። ግባ።»

«ሥራ አለኝ ሳሊዬ፤ ተሳፋሪ ይጠብቀኛል።»

«የለህም። ኦፊስ ኮል አድርጌ ጠየቅኳቸው። ዛሬ ኦፍ ነህ።»

ገባ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ምንጣፉን ማየት ጀመረ። ልጅቷ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ማርቲን ሐበሻ ስላልሆነ ነው? ጀስት ቴል ሚ።»

«ኧረ በፍጹም! ማርቲን ልጄ ነው።»

«ታዲያ ለምን አታየውም? እኔንም አታየኝም። ፎቶዎቹን ሁሉ አወጣኋቸው፤ ግራጁዌሽን፣ ሠርጌ... ኤቭሪ ሲንግል ዋን፣ ፍሎሩን ነው የምታየው። እማዬ የሞተች ቀን ሃግ ስታደርገኝ ዓይንህን ጨፍነህ ነበር። እኔ ምን አድርጌህ ነው?»

ይህ የመጨረሻው ቃል ቆረጠው። ልጁ ይህን ሁሉ ዓመት አልወደደኝም ብላ ኖራለች! እሱ ከዓይኑ ሲጠብቃት፣ እሷ ፍቅሩን ስትፈልግ። ሊያስተባብል አፉን ከፈተና አልሆነለትም። ነገራት። ማረሻውን፣ ዳቦውን፣ ዘነበን፣ ዱላውን፣ ካርቱምን ነገራት። ስሙንም እንዳለ ጠራው፤ አሜሪካ ከገባ እንዲህ አፉን ሞልቶ ጠርቶት አያውቅም።

«ከት...» አለች ሳሌም። «ቀጥ... ቀጥቃጭ።»

በሁለተኛው አልሳተችውም። በልጅነቷ የሰማችው አማርኛ ከጉሮሮዋ አልጠፋም ነበር። 

ልጅቷ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ወዲያው ሳቋ መጣ። «ዳዲ፣ ዚስ ኢዝ ክሬዚ። በዓይን ሰው አይሞትም! ልጁ ኢንፌክሽን ነበረበት፣ ወይ ማሌሪያ። ሐኪም የለም፣ ሜዲሲን የለም።» ዕንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ደግሞ እኔስ? እኔ ልጅህ ነኝ። አንተ ካለብህ እኔም አለብኝ ማለት ነው። እኔ ኦል ዴይ ነው የማየው!»

ቀልዷን ነበር። ልክ ያኔ ማቴዮ ሳለ፤ የጠባውን ወተት መለሰና ትን አለው። ሳሌም አፉን ጠረገችለት፣ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው፤ ተወው። ሳቋ ገና ከንፈሯ ላይ ነበር። እጇ ግን ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ስቦ የሕፃኑን ፊት ሸፈነው። ከዚያም ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ምን እንዳደረገች እሷ ራሷ ያወቀች አትመስልም። ገረመው ግን አወቀ። ፊቱን ወደ ልጁ ሳያዞር የተናገረውን አባት ዕድሜ ልኩን ሲወቅስ ኖሮ፣ ዛሬ ያንኑ ነገር በገዛ አንደበቱ ለልጁ አወረሳት። ስሙን ከእሷ ላይ አራግፌ እቀብረዋለሁ ያለው ሰውዬ!

«አይሆንም» አለ። ከሶፋው ተነሣ። ብርድ ልብሱን ከሕፃኑ ፊት ገለጠው። «እዪው።»

«ዳዲ...»

«ዓይንሽን አታዙሪ። እዪው ልጄ፣ እኔም አየዋለሁ።»

አየው። ሽፋሽፍቱን፣ እርጥብ አፉን፣ የመንበረን ግንባር አየ። በጣም ፈራ። ፍርሃቱ አልለቀቀውም፤ እሱም ዓይኑን አላነሣም። ከዚያ ቀና ብሎ የልጁን የሳሌምን ፊት አየ፤ አገጯ ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ እንዳለች አያውቅም ነበር። እስኪጨልም አብረው ተቀመጡ።

በማግስቱ ማለዳ ኦክላንድ ሆኖ ስልኩን አነሣ። ደወሉ ገና አንዴ ሳይጨርስ ሳሌም አነሣችው።

«ትኩሳት የለውም» አለችው፣ እሱ ምንም ሳይጠይቃት። «ሌሊቱን ሁሉ ቼክ ሳደርገው ነው ያደርኩት።»

ገረመው የመኪናውን ቁልፍ አነሣ። 

«ጠብቂኝ» አላት። «መጥቼ እንደገና አየዋለሁ።»