ጓሳ ወይስ ዘመሮ

ልጄ ካገባች በኋላ ባሏን ይዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መሐል ሜዳ የመጣችው ለጥምቀት ነው። ሠርጉ ናዝሬት ስለነበር ከእኛ አገር የሄድነው ጥቂት ነን። ሁለቱም አስተማሪዎች ናቸው፤ እሷ ሒሳብ፣ እሱ ባዮሎጂ። ከትምህርት ቤት ያገኙት ፈቃድ አጭር ነበር። ጥር ዘጠኝ ማታ ገቡ፤ ጥር ዐሥራ አራት ማለዳ ይመለሳሉ።

በመካከል ያሉት ቀናት ባለቤት ነበራቸው። ዐሥር ከተራ ነው፤ ታቦት ወደ ጥምቀተ ባሕር እንሸኛለን። ዐሥራ አንድ ጥምቀት ነው። ዐሥራ ሁለት ሚካኤል ይገባል፤ ከዚያ እንግዳው ወደ ቤታችን ይመጣል። የቀረው ዐሥራ ሦስት ብቻ ነው። እሱንም ለእህቴ ሰጥቼው ነበር።

እህቴ ታላቄ ናት፤ ዘመሮ ትኖራለች። ልጅ አልወለደችም። እኔ ታምሜ በተኛሁበት ዘመን ልጄን ሁለት ዓመት ከራሷ ዘንድ አስቀምጣ አስተምራታለች። ለሠርጉ ጉልበቷን አሟት ናዝሬት መውረድ አልቻለችምና ሙሽራውን አላየችውም። በእኛ አገር ደግሞ አዲስ ሙሽራ ለበዓል መጥቶ የቅርብ ዘመድ ደጅ ሳይረግጥ ከተመለሰ፣ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም፤ ተቀያይመዋል ይላል። እህቴ ለጎረቤቶቿ ሁሉ ይመጣሉ ብላ ተናግራ ነበር። ጠላም ጠምቃለች።

ስለ ልጄ ባል የማውቀው ትንሽ ነበር። ረዥም ነው፤ ዝምተኛ ነው፤ የሰጡትን አመስግኖ ይበላል። የሚፈልገውን ግን አይናገርም። የሚፈልገውን ያወቅሁት በሚካኤል ዕለት፣ እንግዳው ሲበላና ሲጠጣ ነው። ከጓሳ ተራራ ሥር የመጡ የሟቹ ባለቤቴ የአጎት ልጅ፣ ትልቅ ሰው፣ ከእሱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

“አባቴ፣ ቀይ ቀበሮ እናንተ አካባቢ ይታያል?” አላቸው።

“የቱ? ያቺ ቀዩዋ? ትታያለች እንጂ። ምን አደረገችህ?”

“ምንም። ላያት ፈልጌ ነው።”

ሽማግሌው ጠላቸውን አስቀመጡ። “ከናዝሬት ድረስ ለእሷ? እኛ ስናባርራት ነው የኖርን። ቀደም ብለህ ብትልክብን አስረን እናቆይልህ ነበር።”

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሱም አብሮ ሳቀ። ግን አላቆመም። “የምትወጣው ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት?” አላቸው።

ልጄን ወደ ማድ ቤት ጠራኋት።

“ባልሽ ስለ ቀበሮ የሚጠይቀው ምንድን ነው?”

“ዐሥራ አንድ ዓመት ስለ እሷ አስተምሯል፣ እማዬ። በአገራችን ብቻ እንደምትገኝ፣ ምን እንደምትበላ፣ እንዴት እንደምትኖር። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ይስላታል። አንድም ቀን ግን አላያትም።”

“ታዲያ ለምን አልነገረኝም?”

“ዘመሮ እንሄዳለን አልሽዋ። አንቺ ከተናገርሽ በኋላ ትንፍሽ አይልም።”

“አንቺስ?”

“እኔ ምን ልበል? አንዷ አሳደገችኝ፣ አንዱን አገባሁት። አንቺ ያልሽው ይሁን።” ድምጿን ዝቅ አደረገች። “ጓሳ ካልሽ ደግሞ መኪና አጣን በያት። በበዓል መኪና እንደሚጠፋ ታውቃለች።”

ዘመሮ ከመሐል ሜዳ በአንድ በኩል ነው፤ ጓሳ በሌላው በኩል። በአንድ ቀን ሁለቱ አይደረስባቸውም። እነሱ ወደ ጓሳ፣ እኔ ወደ እህቴ እንዳንከፋፈል፣ የምትጠብቀው እኔን አይደለም፤ ሙሽራውን ነው።

የነፍስ አባቴ ማዕዱን ባርከው ሲወጡ እስከ በር ሸኘኋቸው።

“አባቴ፣ አንድ ነገር አስጨነቀኝ” አልኳቸው፤ ነገሩን ሁሉ፣ ልጄ ያለችኝንም ጭምር ነገርኳቸው። ሲያስቡት ከባድ የነበረው ነገር ሲናገሩት አሳፈረኝ።

“ቀበሮ?” አሉኝ።

“አዎ፣ አባቴ።”

“እኔ ኃጢአት ሲነግሩኝ ነው የለመድኩት። ቀበሮ ከየትኛው እንደሚመደብ እንጃ።” ሳቁ። “የፈጠረውን ለማየት መሄድ ነውር የለውም። እህትንም መጠየቅ ደግ ነው። እንዲህ አድርጊ ብዬ አልቆርጥልሽም። ብቻ መኪና አጣን ብለሽ እንዳትዋሺ። የምትሄጂበትን ንገሪያት።”

መስቀላቸውን ተሳልሜ ተመለስኩ። ቤት ስገባ እንግዳው ተበትኗል፤ የልጄ ባል ብርጭቆ እየሰበሰበ ነበር። አማች ብርጭቆ አይሰበስብም ብዬ ልቀማው ስል፣

“እማማ፣ ለዘመሮዋ እማማ ምን ይዤላቸው ልሂድ? ቡና ይሻላል ስኳር?” አለኝ።

ቅሬታ የለበትም። ቀበሮዋን ከልቡ አውጥቶ፣ በምትኩ ላላያት አሮጊት የሚይዘውን ያስባል። ያን ጊዜ ቆረጥኩ።

“ነገ ጓሳ ነው የምትሄዱት።”

“እንዴ! እሳቸውስ?”

“እኔ እነግራታለሁ።”

ብርጭቆዎቹን አስቀመጠ። ከዚያ፣ “እርስዎ ካልመጡ ግን አልሄድም” አለኝ።

“እኔ ምን ላደርግ? ሣር ሳጭድበት የኖርኩበት ነው።”

“ለዚያ ነው” አለ።

ሞባይል ወደ እኛ አገር ከገባ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። እህቴ ስልክ የላትም፤ በጎረቤቷ ነው የምናገኛት። ከግቢው ጥግ ቆሜ ደወልኩ፤ ጠሩልኝ።

“እትዬ፣ ነገ አንመጣም።”

“ምነው? ማን ታመመ?”

“ማንም አልታመመም። ጓሳ ልንሄድ ነው።”

“ጓሳ ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተም። ሙሽራው ቀይ ቀበሮ ማየት ይፈልጋል።”

ከወዲያ የሰው ድምፅ ይሰማኛል፤ ጎረቤቶቿ አጠገቧ ናቸው።

“ቀበሮ በለጠችኝ?” አለች።

“አልበለጠችሽም። ቀኑ አንድ ሆነብን እንጂ።”

“እሺ” አለች። ስልኩ ተዘጋ። እሷ ትዝጋው ወይም መስመሩ ይቋረጥ፣ አላወቅሁም። ደጋግሜ ብደውል የሚያነሳ አጣሁ።

በማግስቱ ማለዳ ወደ አዲስ አበባ በሚወርደው አውቶቡስ ተሳፍረን ጓሳ ላይ ወረድን። አመዳዩ ገና ከሣሩ ላይ አልረገፈም፤ ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል። የአካባቢው ጠባቂ አብሮን ሄደ። ገና ሳንርቅ ወደ እኔ ዞረ።

“እናቴ፣ በዚህ ነጭ ነጠላ ከሩቅ ታየናለች። ሸፈን ያድርጉት።”

የልጄ ባል ጥቁር ኮቱን አውልቆ አለበሰኝ። እሱ በሸሚዝ ቀረ። ብርዱን ለማያውቅ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ከንፈሩ ጠቁሮ ሳየው ልመልስለት ብል እምቢ አለ።

መንገድ ላይ ስለ ሣሩ ጠየቀኝ። ነገርኩት። የጓሳ ሣር ገመድ ይሆናል፤ ለዝናብ የሚለበስ ገሳ ይሆናል፤ የቤት ክዳን ይሆናል። አባቶቻችን አገሩን ለዓመታት ይዘጉት ነበር። ከብት አይገባም፤ ማጭድ አይነካውም። ሣሩ ሲደርስ ሽማግሌዎች ይመክራሉ፤ ቀን ይቆረጣል፤ በዚያ ቀን ሁሉም እኩል ይገባል። እኔም ከነማጭዴ ስገባ የኖርኩ ነኝ። ሌላው እንዳይቀድመኝ አጎንብሼ ሳጭድ ነው የማውቀው። ቀና ብዬ አገሩን አይቼው አላውቅም።

“ማን አስተማራቸው?” አለኝ።

“ማን ያስተምራቸዋል? ችግር ነዋ።”

“እማማ፣ እነሱ ባይዘጉት ዛሬ እኛ የምናየው አይኖርም ነበር” አለ። ይህን አስቤው አላውቅም። አባቴ ለሣር ሲሉ የጠበቁት አገር ለፍጥረት ሁሉ መጠጊያ መሆኑን ከናዝሬት የመጣ ሰው ነገረኝ።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን አስቀድመን አገኘን። በልጅነቴ ከገብስ ማሳ ሳባርራቸው ሌባ ከማለት በቀር ሌላ ስም አልሰጠኋቸውም። ያን ቀን ቁጭ ብለው፣ ሁለት እጃቸውን እያፈራረቁ ሣር ሲነቅሉ አየሁ። ምስር የሚለቅሙ ሴቶች ይመስላሉ። አንዷ ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላ በመካከላችን ተራመደች፤ ዘወር ብላም አላየችን።

ቀበሮዋ ግን አልታየችም። ፀሐይ ወጣች፤ አመዳዩ ቀለጠ። በረዣዥሞቹ የጅባራ ተክሎች መካከል ስንሄድ ረፈደ። ልጄ ባሏን ሰርቃ ታየዋለች። እኔ እህቴን አስባለሁ። ይህን ጊዜ ጎረቤቶቿ፣ “እንግዶችሽስ?” እያሏት ይሆናል። እሷን አሳዝኜ እሱም ሳያይ ከተመለሰ ለማንም አልሆንኩም አልኩ። በልቤ እመቤቴን ለመንኩ። ለቀበሮ ብዬ ስጸልይ የመጀመሪያዬ ነው።

ጠባቂው ድንገት እጁን ዘረጋ። ሁላችንም ተቀመጥን።

ከፊታችን ከነበረው ጉብታ ሥር ብቅ አለች። ቀይ ናት፤ ደረቷ ነጭ፣ የጭራዋ ጫፍ ጥቁር ነው። ቀጭን እግሮቿን እያነሳች ቀስ ብላ ሄደች፤ ቆመች፤ ራሷን ዘንበል አድርጋ መሬቱን አዳመጠች። ከዚያ ዘለለችና አፈሩ ውስጥ አፏን ከተተች። ስታወጣው አይጥ ይዛለች።

“በግ አትበላም እንዴ?” አልኩ በሹክሹክታ።

“አልፎ አልፎ ግልገል ታነሳለች፤ አልዋሽዎትም” አለኝ ጠባቂው። “ኑሮዋ ግን በአይጥ ነው።”

ገብሳችንን የሚጨርሰው አይጥ ነው። በእሷ ላይ የወረወርኩት ድንጋይ ብዛቱ ታሰበኝ።

የልጄን ባል አየሁት። በሆዱ ተኝቷል፤ ለጥምቀት የገዛው ሸሚዝ ጭቃ ሆኗል። እየሳቀ ነው፤ ድምፅ ግን የለውም።

“ጆሮዋን አበላሽቼዋለሁ” አለ ለሚስቱ። “ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አሳጥሬ ነው የሳልኩት። እይው እስቲ፣ እንዴት ቀጥ ያለ ረዥም ጆሮ ነው!”

መሳሳቱን አውቆ እንዲህ ደስ የሚለው ሰው አይቼ አላውቅም። ልጄን እንዲህ ላለ ሰው የሰጠልኝን አምላክ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጬ አመሰገንኩ።

ከሰዓት በኋላ በሚመለስ የጭነት መኪና ቤታችን ደረስን። በሩ ላይ ካለው መደብ ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል። እህቴ ናት። ዱላዋ ጭኗ ላይ፣ አገልግሏ አጠገቧ፣ ቀሚሷ ላይ የበግ ፀጉር።

“እትዬ! በምን መጣሽ?”

“በአይሱዙ። ከበግ ጋር ተጭኜ። ገበያ የሚወጣው እነሱን ነው የጫነው፤ እኔን እላያቸው ላይ ጨመረኝ።” እኔን ትታ ወደ እሱ ተመለከተች። “ይሄ ነው ባለ ቀበሮው?”

ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ። ትከሻውን ይዛ አቆመችው።

“አየሃት?”

“አየኋት፣ እማማ።”

“ታምራለች?”

“በጣም።”

“በል እንግዲህ እኔንም እየኝ” አለች።

ልጄ አቅፋት አለቀሰች። እህቴ ግን፣ “ተይ፣ ሽሮው እንዳይፈስ” እያለች አገልግሏን ትጠብቃለች። የልጄ ባል ያን ምሽት ከጎኗ አልተነሳም። ቀበሮዋ እንዴት እንዳዳመጠች፣ እንዴት እንደዘለለች ሲነግራት እሷ በየመካከሉ፣ “ጉድ ነው! እኛ እኮ ስናባርራት!” ትለዋለች።

ማድ ቤት ብቻችንን ስንሆን፣ “እትዬ፣ ይቅር በይኝ” አልኳት።

“ተቀይሜሽ ነበር” አለችኝ። “ሌሊቱን ሙሉ። ጠዋት ደግሞ፣ መዋሸት እየቻለች አልዋሸችኝም አልኩና ተነሣሁ።” ጉልበቷን እያሸች ነበር። “ግን ለጎረቤቶቼ ሙሽራው ይመጣል ብያለሁ። ያንን ምን ላደርገው?”

የልጄ ባል ከደጅ ሆኖ ሰምቷት ኖሯል።

በማግስቱ ማለዳ የአዲስ አበባው አውቶቡስና የዘመሮው አይሱዙ ከገበያው ዳር ቆመው ነበር። የልጄ ባል ሻንጣቸውን ለእኛ ትቶ፣ የእህቴን አገልግል ተሸክሞ፣ እሷን ክንዷን ይዞ ወደ አይሱዙው ሄደ። ከላይ የተሳፈሩት ሁሉ የዘመሮ ሰዎች ናቸው።

“ሙሽራው እሱ ነው?” አለች አንዲት ሴት።

“ታዲያስ! የልጄ ባል ነው” አለች እህቴ።

“ቀበሮ ሊያይ ሄደ ሲሉ ሰማን” አለ ሌላው፤ ሰዉ ሳቀ።

“አየ! ከዚያ እኔን አየ። አሁን ደግሞ እናንተን ይያችሁ።” ወደ እሱ ዞረች። “ሰላም በላቸው፣ ልጄ።”

አንድ በአንድ ሰላም አላቸው። እጁን ወደ ላይ እየዘረጋ፣ ጎንበስ እያለ፣ የእያንዳንዱን ጤና እየጠየቀ። አውቶቡሱ ጥሩምባ ነፋ። ልጄ፣ “ሊያመልጠን ነው!” አለች። እሱ ግን ገና ግማሹን አልጨረሰም። አውቶቡሱ ሄደ። ፊቱን እንኳን አላዞረም፤ “ሁለተኛው አለ” አለ።

ጨርሶ እህቴን ደግፎ ጋቢና አስገባት፤ አገልግሏን ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። መኪናው ሲነሣ ለሹፌሩ ስለ እሱ መተረክ ጀምራ ነበር። ዘመሮ እስክትገባ እንደማታቆም አውቃለሁ። አቧራው ውስጥ ቆሜ ተመስገን አልኩ።